አልፎንሲና ስትራዳ፦ ከወንዶች ጋር ጣልያንን የዞረችው ብስክሌተኛ

በየዓመቱ በዚህ ዓምድ የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ማቅረብ ልማዳችን ነው። ብዙውን ጊዜ የምንመርጣቸው ያሸነፉትን፣ አዲስ ነገር የፈለሰፉትን ወይም አገር የመሩትን ነው። ዘንድሮ የመረጥናት ሴት ግን ስሟ ከታሪክ መጽሐፍ የገባው በአንድ ትልቅ ውድድር ላይ ሰዓት አልፎባት ከደረጃ ውጭ ከሆነች በኋላ ነው። አልፎንሲና ስትራዳ ትባላለች። በ1924 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጂሮ ዲ ኢታሊያ፣ ማለትም በጣልያን ዙር የብስክሌት ውድድር፣ ከወንዶች ጋር ተሰልፋ የተወዳደረች ሴት ናት። ከእሷ በፊትም ሆነ ከእሷ በኋላ በዚያ የወንዶች ውድድር የተሰለፈች ሌላ ሴት የለችም።

ምርጫችንን ስንወያይበት ሁለት ጥያቄዎች ተነሡ። አንደኛው፣ ከደረጃ ውጭ የሆነችን ሰው ምን ብለን እናወድሳለን የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ አያቶቻችን ከጣልያን ጋር ያላቸው ታሪክ እየታወቀ ስለ አንዲት ጣልያናዊት ለምን እንጽፋለን የሚል ነበር። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን ከታሪኳ በኋላ እናመጣዋለን።

ልጅነቷ

አልፎንሲና መጋቢት 16 ቀን 1891 በሰሜን ጣልያን በኤሚሊያ ክፍለ ሀገር፣ በሞዴናና በቦሎኛ ከተሞች መካከል በምትገኘው በካስቴልፍራንኮ ኤሚሊያ አካባቢ ተወለደች። የአባቷ ቤተሰብ ስም ሞሪኒ ነው። ወላጆቿ የራሳቸው መሬት የሌላቸው፣ በሰው እርሻ ላይ በቀን ሙያተኝነት የሚያድሩ ድሆች ነበሩ። ቤቱ በልጆች የተሞላ ስለ ነበር ሴቶቹ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ታናናሾቻቸውን ማዘል፣ ውኃ መቅዳትና መስፋት የዕለት ሥራቸው ነበር። አልፎንሲናም የልብስ ስፌት ተማረች፤ በዚሁ ሙያ እንጀራ ትበላ ዘንድ ነበር የታሰበላት።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት አባቷ አንድ ያረጀ ብስክሌት ይዞ ወደ ቤት መጣ። በዚያን ጊዜ ብስክሌት ለድሃ ገበሬ ትልቅ ሀብት ነው። በቅሎ መግዛት ያልቻለ ሰው በብስክሌት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ገበያ ይደርሳል። ልጅቱ አባቷ ሲያርፍ ብስክሌቱን እየወሰደች በመንደሩ መንገድ ላይ ብቻዋን ተለማመደች። ትንሽ ቆይታም ከመንደሩ ወንዶች ልጆች ጋር መሽቀዳደም ጀመረች። ቀሚሷን ሰብስባ አቧራ እያስነሣች ስታልፍ ያዩ ሰዎች ቀሚስ የለበሰች ሰይጣን የሚል ስም አወጡላት።

የመንደር ውድድሮች የሚካሄዱት እሑድ ነበር። አልፎንሲና ለወላጆቿ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን እየተናገረች ወደ ውድድሩ ትሄድ እንደ ነበር ታሪኳን የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ። በ13 ዓመቷ ያገኘችው የመጀመሪያ ሽልማት ከነነፍሱ አንድ አሳማ ነበር። ይህ ለእኛ አንባቢ ሊያስቅ ይችላል፤ ለኤሚሊያ ገበሬ ግን አሳማ ማለት ለእኛ ቤት ለበዓል የደለበ ሙክት እንደ ማለት ነው። ቤተሰቡን ለወራት የሚመግብ ሽልማት ነበር። ይሁን እንጂ እናቷ አልተደሰቱም። ሴት ልጅ እግሯን አሳይታ ከወንዶች ጋር ስትጋልብ ሰው ምን ይላል የሚለው ጭንቀት ከሥጋው በለጠባቸው። ብስክሌት መንዳት ከፈለገች አግብታ ከቤት መውጣት እንዳለባትም ነገሯት።

ትዳርና ልምምድ

አልፎንሲና በወጣትነቷ ወደ ቶሪኖ ከተማ ሄደች። በዚያ ሴቶች በብስክሌት ሜዳ ሲወዳደሩ ማየት እንደ መንደሯ ነውር አልነበረም። ከሌሎች ሴቶች ጋር እየተወዳደረች ስም አወጣች። ሉዊጂ ስትራዳ የሚባል ሚላኖ የሚኖር የብረት ሥራ ባለሙያ አገባች። ስትራዳ በጣልያንኛ መንገድ ማለት ነው፤ እንደ እሷ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ የባል ስም አይገኝም። ሉዊጂ ለሠርጓ የሰጣት ስጦታ ወርቅ ወይም ልብስ ሳይሆን አዲስ የውድድር ብስክሌት ነበር።

ሉዊጂ ባሏ ብቻ ሳይሆን አሠልጣኟም ሆነ። ሚላኖ የብስክሌት ፋብሪካዎች፣ የመወዳደሪያ ሜዳና ብርቱ ብስክሌተኞች ያሉባት ከተማ ስለ ነበረች ለልምምድ የሚመች ቦታ ነበር። እሷም ከወንዶቹ ጋር ትለማመድ ነበር፤ ለሴቶች ተብሎ የተዘጋጀ ቡድንም ሆነ የረጅም ርቀት ውድድር አልነበረምና ሌላ አማራጭ አልነበራትም።

የዚያን ዘመን ብስክሌት ዛሬ በቴሌቪዥን እንደምናየው ቀላል አልነበረም። ክፈፉ የብረት ነው፤ ክብደቱም ከዛሬው የውድድር ብስክሌት በእጅጉ ይበልጣል። እየነዱ ማርሽ መቀየር የለም። ዳገት ሲመጣ ብስክሌተኛው ይወርድና የኋላውን ጎማ ፈትቶ በማዞር በሌላው ጎን ያለውን ጥርስ ከካቴናው ጋር ያገናኛል፤ ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ እንደገና ይወርዳል። መንገዱ አስፋልት አይደለም፤ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች መለዋወጫ ጎማ እንደ ነጠላ በትከሻቸው ላይ አጣፍተው ይነዱ ነበር። ጎማው ቢፈነዳ፣ ካቴናው ቢበጠስ ራሳቸው ይጠግናሉ። ልምምድ ማለት እግርን ማጠንከር ብቻ ሳይሆን በብርድ በደነዘዘ ጣት ጎማ መለወጥን፣ በረሃብና በእንቅልፍ መካከል መንዳትንም መልመድ ማለት ነበር።

የሎምባርዲያ ውድድር

በ1917 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም። የጣልያን ጦር በካፖሬቶ ከባድ ሽንፈት የደረሰበት ወቅት ነው። ብዙ ብስክሌተኞች በጦር ግንባር ስለ ነበሩ የሎምባርዲያ ዙር ተወዳዳሪዎች ቁጥር አነስተኛ ነበር። አልፎንሲና ወደ አዘጋጁ ጋዜጣ ወደ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት ቢሮ ሄዳ ልወዳደር አለች። ደንቡ ቢነበብ ሴት አትወዳደርም የሚል ቃል አልተገኘበትም። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሴት ትመጣለች ብለው ስላላሰቡ ሊከለክሏት አላሰቡም ነበር። ስሟም ተመዘገበ።

በዚያ ዓመት ያሸነፈው ቤልጅጋዊው ፊሊፕ ቲስ ነበር፤ የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ የነበረ ሰው ነው። አልፎንሲና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታ ከእሱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ዘግይታ ከመጨረሻዎቹ ሰዎች ጋር ደረሰች። ብዙዎች ወንዶች ግን መንገድ ላይ አቋርጠው ቀርተው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በ1918 ተመልሳ መጣች። ከተነሡት 36 ሰዎች መካከል 14ቱ አቋረጡ። እሷ 21ኛ ሆና ስትጨርስ ከአሸናፊው ከጋኤታኖ ቤሎኒ ጋር የነበራት ልዩነት ወደ 23 ደቂቃ ወርዶ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል የነበረው ልዩነት በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መጥበቡን ልብ እንበል። ሁለተኛው የሎምባርዲያ ዙር የትጋትና የልምምድ ውጤት ነበር።

የ1924ቱ የጣልያን ዙር

ከጦርነቱ በኋላ የሉዊጂ አእምሮ ታመመና ሆስፒታል ገባ። የቤቱ ችግርና የሕክምናው ወጪ በአልፎንሲና ላይ ወደቀ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምትነዳው ለፍቅሯ ብቻ ሳይሆን ለእንጀራም ነበር።

በ1924 ለጣልያን ዙር አዘጋጆች ያልታሰበ ችግር ገጠማቸው። ታላላቅ ብስክሌተኞችን የያዙት የፋብሪካ ቡድኖች ተጨማሪ ክፍያ ጠየቁ፤ አዘጋጆቹም አልተስማሙም። ቡድኖቹ ቀሩ፤ እነ ጂራርዴንጎን የመሰሉ ዝነኞችም አብረው ቀሩ። አዘጋጆቹ በግሉ መወዳደር የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፣ ምግብና ማደሪያ እንችላለን ብለው አወጁ። ተወዳዳሪ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ጋዜጣውን የሚያሸጥ ወሬም ያስፈልጋቸው ነበር። አልፎንሲና በዚያ በር ገባች።

በተወዳዳሪዎች ዝርዝር ላይ ስሟ አልፎንሲን ስትራዳ ተብሎ ወጣ። የመጨረሻዋ ና ወደ ን ስትለወጥ የሴት ስም የወንድ ስም መሰለ። የጋዜጣው ዳይሬክተር ኤሚሊዮ ኮሎምቦና ባልደረቦቹ ግን ማን እንደሆነች ያውቁ ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ሴት እንደምትሰለፍ ወሬው ተሰማና አገር ጉድ አለ። ያኔ ዕድሜዋ 33 ዓመት ነበር። ጸጉሯን አሳጥራ፣ ቁምጣ ለብሳ፣ 72 ቁጥርን ይዛ ግንቦት 10 ቀን ከ89 ወንዶች ጋር ከሚላኖ ተነሣች።

ርቀቱ በ12 ምዕራፍ የተከፈለ 3,613 ኪሎ ሜትር ነበር። ሲካፈል በአማካይ በአንድ ቀን 300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ከሚያደርሰው መንገድ ይረዝማል። በእያንዳንዱ የውድድር ቀን መካከል የዕረፍት ቀን የተሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ተወዳዳሪዎቹ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ሲመሽ ይደርሱ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከሚላኖ ጄኖቫ ስትደርስ ከአሸናፊው የዘገየችው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከኋላዋም ወንዶች ነበሩ። በሁለተኛው ምዕራፍ ፍሎሬንስ ከደረሱት 65 ሰዎች መካከል 50ኛ ሆነች። ከዚያ ሮማን፣ ኔፕልስን፣ የደቡቡን አገር ሁሉ አለፈች። በየከተማው በር ላይ ሕዝቡ መሪዎቹ ካለፉ በኋላም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ እሷን ለማየት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ገሚሱ ሊያፌዝ፣ ገሚሱ ሊያደንቅ መጣ። ቀኑ በገፋ ቁጥር የሚያፌዘው እያነሰ፣ አበባ ይዞ የሚመጣው እየበዛ ሄደ።

የመጥረጊያው እንጨት

ስምንተኛው ምዕራፍ ከላኲላ ተነሥቶ በተራራ መካከል ወደ ፔሩጃ የሚወስድ ነበር። ያን ቀን ዝናቡና ነፋሱ አላባራ አለ፤ መንገዱም ጭቃ ሆነ። አልፎንሲና ወደቀች፤ የብስክሌቷ መሪም ተሰበረ። ቡድን የላት፣ የሚከተላት መኪና የላት፣ መለዋወጫ መሪም የላት። በመንገድ ዳር የነበረ ገበሬ የቤት መጥረጊያ እንጨት ሰጣትና በተሰበረው መሪ ቦታ አሰረችው። በዚያ እንጨት እየመራች፣ ጉልበቷ ቆስሎ፣ ልብሷ በጭቃ ተለውሶ ፔሩጃ ገባች።

ነገር ግን የጊዜ ገደቡ አልፎ ነበር። በደንቡ መሠረት ገደቡ ያለፈበት ተወዳዳሪ ይሰናበታል። ዳኞቹ ተከራከሩ። አንዳንዶቹ አደጋው ታይቶ ትለፍ አሉ፤ ሌሎቹ ደንብ ደንብ ነው፣ ለሴት ተብሎ አይጣስም አሉ። ፍርዱ ከደረጃ ውጭ ናት የሚል ሆነ። ያን ጊዜ ኮሎምቦ መካከለኛ መንገድ አገኘ፦ ደረጃ አይሰጣትም፤ ከፈለገች ግን ከሌሎቹ ጋር በዚያው መንገድ መቀጠል ትችላለች፤ የማደሪያዋና የምግቧ ወጪ ይሸፈናል። ሰውዬው ይህን ያደረገው ከርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ እሷ ባለችበት ጋዜጣው በደንብ ይሸጥ ነበር።

ልብ በሉ፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ አልፎንሲና የምትነዳው ለደረጃ አልነበረም። ብትፈጥንም ብትዘገይም ስሟ በውጤት ሠንጠረዥ ላይ አይወጣም። ሻንጣዋን ይዛ በባቡር ወደ ሚላኖ ብትመለስ ማንም አይወቅሳትም ነበር። እሷ ግን በማግሥቱ ብስክሌቷን ጠገነችና ቀጠለች።

በቦሎኛ አልፋ ወደ ፊዩሜ የሄደችበት አሥረኛው ምዕራፍ 415 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ድረስ ያለውን መንገድ ያህላል። ፊዩሜ ዛሬ በክሮኤሽያ ውስጥ ያለችው የሪየካ ከተማ ናት። አልፎንሲና በዚያ መንገድ ላይ 21 ሰዓት ያህል ቆየች። ስትደርስ ከድካምና ከሕመም የተነሣ ታለቅስ ነበር፤ ሕዝቡም ከብስክሌቷ ላይ አንሥቶ ተሸከማት።

ሰኔ 1 ቀን 1924 ሚላኖ ገባች። ውድድሩን ያሸነፈው ጁሴፔ ኤንሪቺ ነው። ከተነሡት 90 ሰዎች መካከል በደረጃ የጨረሱት 30 ብቻ ነበሩ። እሷ ከኤንሪቺ ወደ 28 ሰዓት ገደማ ወደኋላ ቀርታለች፤ ሆኖም ስልሳ ያህል ሰዎች ያልጨረሱትን መንገድ ጨርሳለች። የጋዜጣው አንባቢዎች ከየቦታው ገንዘብ አዋጥተው 50,000 ሊሬ ሰጧት። ይህም ገንዘብ የባሏን የሕክምና ወጪ እንድትከፍል ረዳት።

ከዚያ በኋላ

በ1925 እንደገና ለመመዝገብ ጠየቀች። በዚያ ዓመት ግን ታላላቆቹ ቡድኖች ስለ ተመለሱ አዘጋጆቹ አላስፈለገቻቸውምና በሩ ተዘጋ። ዘመኑም ለእሷ የሚመች አልነበረም። በሙሶሊኒ የሚመራው የፋሽስት መንግሥት ሴት ልጅ ቤቷን ጠብቃ ለአገር ልጅ እንድታሳድግ ይሰብክ ነበር። አልፎንሲና አልተወችም። በአንዳንድ የጣልያን ዙር ምዕራፎች ያለ ቁጥር፣ በራሷ ወጪ ከወንዶቹ ጋር አንድ አንድ ቀን ትነዳ ነበር። በውጭ አገር ሜዳዎችም ተወዳደረች፤ ለእንጀራዋ በቲያትርና በሰርከስ መድረክ ላይ የብስክሌት ትርዒት አሳየች።

ሉዊጂ በኋላ አረፈ። በ1950 የቀድሞ ብስክሌተኛ የነበረውን ካርሎ ሜሶሪን አገባች፤ አብረውም ሚላኖ ውስጥ የብስክሌት መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ። ካርሎም በ1957 አረፈ። አልፎንሲና በስተርጅና ብቻዋን ስትቀር ዕድሜዋ ለብስክሌት ከበዳትና ሞቶ ጉዚ የሚባል ትልቅ ሞተር ሳይክል ገዝታ ትነዳ ጀመር። መስከረም 13 ቀን 1959 የብስክሌት ውድድር ለማየት በሞተሯ ሄዳ ተመለሰች። ያን ቀን ምሽት ሞተር ሳይክሏን ለማስነሣት ስትታገል ልቧ ከዳትና በ68 ዓመቷ ዐረፈች።

ሴቶች በኦሎምፒክ በብስክሌት መወዳደር የጀመሩት በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው፤ እሷ ከሞተች ከ25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የሴቶች የጣልያን ዙር የተጀመረው ደግሞ በ1988 ነው። ዛሬ ከብስክሌቶቿ አንዱ በሰሜን ጣልያን በጊዛሎ ኮረብታ ላይ፣ ብስክሌተኞች በሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከታላላቅ አሸናፊዎች ብስክሌት ጋር ይታያል።

ስለ ሁለቱ ጥያቄዎች

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችን እንመለስ። ስለ ጣልያን የተነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አልፎንሲና ሚላኖ በገባችበት በዚያው የሰኔ ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በአውሮፓ ጉብኝታቸው ሮማ ገብተው በክብር ተቀብለዋቸው ነበር። የተቀበላቸው መንግሥት ግን ከ11 ዓመት በኋላ አገራችንን ወረረ። ያንን አንረሳም። ይሁን እንጂ ያ መንግሥት የራሱን አገር ሴቶችም ከመንገድ ወደ ጓዳ ሊመልስ የሚጥር ነበር። የመንግሥትን በደል ከድሃ ገበሬ ልጅ ለይተን ማየት ካልቻልን ታሪክ ማንበባችን ምን ይጠቅመናል? ብስክሌትን በሚመለከት የምንናገራቸው ጎማ፣ ካቴናና ከመነዳሪ የሚሉት ቃላት እንኳ ከእነሱ ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ቃላቱን ተቀብለን የራሳችን አድርገናቸዋል። ደግ ታሪክንም እንደዚሁ መቀበል እንችላለን።

ከደረጃ ውጭ ስለ መሆኗ ያለን መልስ ደግሞ ይህ ነው። ዳኞቹ በደሏት አንልም። ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ደንቡም ለሁሉም አንድ ነበር። እሷም ፍርዱን ተቀብላለች። ታላቅነቷ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ በነዳቻቸው አራት ምዕራፎች ላይ ነው። ማንም ነጥብ በማይሰጥበት ቦታ ሥራን እንደ ጀመሩት መጨረስ ከፈተና ሁሉ የከበደ ፈተና ነው። በትምህርት ቤታችን ውጤት ሲለጠፍ ከላይ ያሉትን አምስት ስሞች ብቻ የምናነብ ብዙዎች ነን። ከታች ካሉት መካከል ከትምህርት በኋላ ታናናሾቿን የምትጠብቅ፣ በሻማ የምታጠና፣ ትምህርቷን አቋርጣ እንድትቀር በየዓመቱ የሚመከርባት እህት ልትኖር ትችላለች። ሠንጠረዡ ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ለወላጆቻችን አንድ ነገር በትሕትና እናመለክታለን። ሴት ልጅ ብስክሌት ስትጠይቅ፣ ኳስ ስትጠይቅ፣ ለሩጫ ልምምድ በማለዳ መውጣት ስትፈልግ ሰው ምን ይላል ከሚለው በፊት ልጅቱ ምን ትላለች የሚለው ይቅደም። አልፎንሲናን ያሙት የመንደሯ ሰዎች ዛሬ ስማቸው አይታወቅም። ለእህቶቻችን ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው፤ አንዳንዴም መሪው መንገድ ላይ ይሰበራል እንላለን። እንጨት የሚሰጥ ገበሬ ግን አይጠፋም፤ እኛም ለጓደኞቻችን ያንን ገበሬ እንሁን።